ማርክ የማይያዝበት ምዘና፦ መምህራን በቡድን የሚሠሩት የሁለት ሳምንት ዙር

ተከታታይ ምዘና በብዙ ትምህርት ቤት ከ5 የቤት ሥራ፣ ከ10 ኩዊዝ፣ ከ20 ቴስት ተደምሮ ሮስተር ላይ የሚሰፍር ነጥብ ሆኗል። ነጥቡ ሲመዘገብ ትምህርቱ ወደ ቀጣዩ ምዕራፍ አልፏል፤ የተሳሳተው ተማሪም ስህተቱን እንደያዘ አብሮ አልፏል። ይህ መመሪያ ሌላ ሥራ ነው የሚያሳየው፦ አንድ ጥያቄ መጠየቅ፣ መልሱን በዚያው ቀን ከባልደረቦች ጋር መደርደር፣ የሚቀጥለውን ክፍለ ጊዜ በዚያ መሠረት መቀየር። ማርክ የለውም።

ምሳሌው የ5ኛ ክፍል ሒሳብ ነው፤ አስርዮሽ ቁጥሮችን ማወዳደር። ሌላ ትምህርት የምታስተምሩ ቅደም ተከተሉን እንዳለ ያዙት፣ ጥያቄውን ብቻ ቀይሩ።

ከመጀመራችሁ በፊት

1. ቡድኑን አሳንሱ። ከ3 እስከ 5 መምህር ይበቃል። አንድ ዓይነት ትምህርት፣ አንድ ወይም ተከታታይ ክፍል የሚያስተምሩ ይሁኑ። አማርኛ፣ ሳይንስና ስፖርት ተቀላቅለው የተቀመጡበት ቡድን ስለ «ተማሪ ተሳትፎ» አውርቶ ይበተናል፤ የጋራ ጥያቄ ሊያወጣ አይችልም። በትምህርት ቤታችሁ የሒሳብ መምህር አንድ ብቻ ከሆነ በጉድኝት ማዕከላችሁ ካሉት አጎራባች ትምህርት ቤቶች አንድ ሁለት ሰው ፈልጉ።

2. ቀኑን አስቀድማችሁ ቁረጡ። የሚሠራው ቅደም ተከተል ረቡዕ፣ ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሰኞ ነው፦
- ረቡዕ፦ ጥያቄ ማዘጋጀት (60 ደቂቃ)
- ሰኞ፦ ጥያቄውን መስጠት፣ በዚያው ቀን መደርደርና መወሰን (60 ደቂቃ)
- ረቡዕ፦ የተስተካከለውን ትምህርት ማስተማርና መመልከት (40 ደቂቃ)፣ ውይይት (20 ደቂቃ)
- ሰኞ፦ ዳግም መጠየቅና መመዝገብ (30 ደቂቃ)

በድምሩ 3 ሰዓት ተኩል ነው። በዓመት ከሚጠበቅባችሁ የ60 ሰዓት ሲፒዲ (ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ) ላይ ይቆጠር፤ ማህደራችሁ ውስጥ የሚገባው ማስረጃም ከዚሁ ሥራ ይወጣል። ለሲፒዲ ብላችሁ ሌላ ወረቀት አታዘጋጁ።

3. ከርዕሰ መምህሩ ጋር ሦስት ነገር ተስማሙና ቃለ ጉባኤ ላይ አስፍሩት። አንደኛ፣ የቡድኑ አባላት በሳምንት አንድ የጋራ ክፍት ፔሬድ እንዲኖራቸው፤ ይህን የክፍለ ጊዜ ድልድሉ ከመለጠፉ በፊት ጠይቁ፣ ከተለጠፈ በኋላ የሚያስተካክልላችሁ የለም። በፈረቃ የሚሠራ ትምህርት ቤት ከሆነ ፈረቃ የሚለዋወጥበትን ሰዓት ተጠቀሙ። ሁለተኛ፣ የጥያቄው ውጤት ማርክ ሊስት ላይ እንደማይገባ። ሦስተኛ፣ ባልደረባ ክፍል ገብቶ ያየው ነገር ለሥራ አፈጻጸም ነጥብ እንደማይውል። ይህ ሦስተኛው ከሌለ አትጀምሩ። መምህሩ የተለማመደ፣ ያሸበረቀ ትምህርት ያሳያችኋል፤ ተማሪውም «ገባን» እንዲል ተነግሮት ይጠብቃችኋል።

4. ዕቃ አዘጋጁ። ኤ4 ወረቀት ሦስት ጊዜ አጥፋችሁ ብትቆርጡት 8 ቁራጭ ይወጣል፤ 60 ተማሪ ላለው ክፍል 8 ወረቀት ይበቃል፣ 4 ቁራጭ ይተርፋል። የወረቀቱን ክምር የሚያስር ላስቲክ፣ አንድ የመቁጠሪያ ገጽ፣ ለምሳሌያችን ደግሞ ልብስ ሰፊ የሚለካበት ሜትር ያስፈልጋል።

ደረጃ 1፦ አንድ ነጥብ ምረጡ

«አስርዮሽ» ሰፊ ነው። «አስርዮሽ ማወዳደር» ይሻላል። «ከነጥቡ በኋላ የአኃዛቸው ብዛት የማይመሳሰል አስርዮሾችን ማወዳደር» ልክ ነው። መለኪያው ይህ ነው፦ ነጥቡን በአንድ ጥያቄ መፈተሽና በአንድ ክፍለ ጊዜ ማስተካከል ይቻላል? ካልተቻለ እንደገና ቁረጡት።

ምርጫው ከማስረጃ ይምጣ። ባለፈው ቴስት ብዙ ተማሪ የሳተውን ጥያቄ አውጡ፣ ወይም ከእያንዳንዱ ክፍል 10 ደብተር ሰብስባችሁ አገላብጡ። «ተማሪዎቻችን መሠረት የላቸውም» የሚል ሐሳብ ከተነሳ ሰብሳቢው «በየትኛው ጥያቄ ላይ አየኸው?» ብሎ ይጠይቅ። ለዚህ መልስ የሌለው ሐሳብ ለዚህ ዙር አይሆንም።

ደረጃ 2፦ ጥያቄውን አውጡ

ዙሩ የሚሳካውም የሚወድቀውም እዚህ ነው። ከ60ው ደቂቃ 45ቱን ለዚህ ስጡ።

ሀ. መጀመሪያ ስህተቶቹን ጻፉ። እያንዳንዱ መምህር ለብቻው፣ ሳያወራ፣ ተማሪ የሚስትበትን መንገድ በ5 ደቂቃ ውስጥ ይጻፍ። ከዚያ አንድ ላይ አምጡት። በአስርዮሽ ማወዳደር ሁለት ስህተት ደጋግሞ ይመጣል፦
- «አኃዙ የበዛው ይበልጣል»። 275 ከ45 ስለሚበልጥ 0.275 ከ0.45 ይበልጣል ይላል።
- «አኃዙ ያነሰው ይበልጣል»። አንድ አሥረኛ ከአንድ ሺኛ ስለሚበልጥ 0.3 ከ0.275ም ከ0.45ም ይበልጣል ይላል።

ለ. ምርጫዎቹን ከስህተቶቹ ሥሩ። እያንዳንዱ የተሳሳተ ምርጫ የአንድ የተሳሳተ አስተሳሰብ መድረሻ ይሁን። ለማሟያ የገባ ምርጫ አይኑር፤ ሦስት ብቻ ከሆኑ ሦስት ይቅሩ።

ሐ. ጥያቄውን ፈትኑት። ይህ ፈተና አንድ ጥያቄ ነው፦ ተማሪው በተሳሳተ መንገድ ሄዶ ትክክለኛውን መልስ ሊያገኝ ይችላል?

ይህን ተመልከቱ፦ «ትልቁ የቱ ነው? ሀ. 0.4 ለ. 0.35 ሐ. 0.125»። ጥሩ ይመስላል። ነገር ግን «አኃዙ ያነሰው ይበልጣል» የሚለው ተማሪ 0.4ን መርጦ ያልፋል። መልሱ ትክክል፣ ሐሳቡ ስህተት፤ እናንተም «ገብቶታል» ብላችሁ ትቀጥላላችሁ። በዚህ ቀይሩት፦

«ትልቁ የቱ ነው? ሀ. 0.3 ለ. 0.45 ሐ. 0.275። ለምን? በአንድ መስመር ጻፍ/ጻፊ።»

አሁን ሀን የመረጠ ሁለተኛውን ስህተት፣ ሐን የመረጠ የመጀመሪያውን ይዟል። ለ ትክክለኛው ነው። ከሁለቱ ስህተቶች ወደ ለ የሚወስድ የለም፤ በግምት መምታት ግን አለ፣ ስለዚህ «ለምን» የምትለዋን መስመር አትተዉ።

ለሌሎች ትምህርቶችም መንገዱ ይኸው ነው። በሳይንስ «ዕፅዋት ምግባቸውን ከየት ያገኛሉ?» ስትሉ «ከአፈር»ና «ከማዳበሪያ» የሚሉት ምርጫዎች መግባት አለባቸው፤ ተማሪው በእርግጥ የሚያምነው እሱን ነው። በአማርኛ ንባብ የአንቀጹን ዋና ሐሳብ ስትጠይቁ አንዱ ምርጫ የአንቀጹ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር፣ አንዱ በአንቀጹ ውስጥ ያለ እውነተኛ ዝርዝር፣ አንዱ ደግሞ እውነት ሆኖ አንቀጹ ውስጥ የሌለ ነገር ይሁን።

ደረጃ 3፦ ጥያቄውን ስጡ

1. ነጥቡን ባስተማራችሁበት ዕለት አትስጡ። የዕለቱ ምሳሌ ገና ሰሌዳው ላይ ስላለ ሁሉም ይመልሳል። ቢያንስ አንድ ቀን ይለፍ።
2. ከክፍለ ጊዜው መጨረሻ 10 ደቂቃ ሲቀር ጀምሩ። ደወል ሲቃረብ የሚሰጥ ጥያቄ ባዶ ወረቀት ያመጣል።
3. ጥያቄውን ሰሌዳ ላይ ጻፉ፤ ቁራጭ ወረቀቱን አድሉ። በስም ፈንታ ክፍሉና የመዝገብ ተራ ቁጥር ይጻፍ።
4. እንዲህ በሉ፦ «ይህ ማርክ የለውም። ቀጥለን ምን እንደምናስተምር ለማወቅ ነው።» ይህን ሳትሉ ከጀመራችሁ አንድ ዴስክ ላይ ያሉ ሦስት ተማሪዎች አንድ መልስ ያስረክቧችኋል።
5. 5 ደቂቃ ስጡ። አትርዱ፣ አታብራሩ፣ በተማሪ ትከሻ ላይ አጎንብሳችሁ «እስቲ እንደገና እየው» አትበሉ።
6. ሰብስባችሁ በላስቲክ እሰሩ። የክፍሉን ስም ከላይ ጻፉ።

ሁሉም የቡድኑ አባል በአንድ ቀን፣ ያንኑ ጥያቄ፣ ቃሉን ሳይቀይር ይስጥ። አንዱ «ትልቁን አክብብ» ብሎ ሌላው «ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድር» ካለ ውጤቱ ጎን ለጎን አይቀመጥም።

ወረቀት ከሌለ በጣት አስመርጡ፦ ለሀ 1፣ ለለ 2፣ ለሐ 3 ጣት፤ ዓይን ተጨፍኖ፣ እጅ ደረት ላይ ተጠግቶ። ፈጣን ነው፤ ምክንያቱን ግን አያሳይም።

ደረጃ 4፦ አብራችሁ ደርድሩ

በዚያው ቀን ይሁን። ወደ ቤት የተወሰደ ወረቀት ይታረማል፣ ከታረመ ነጥብ ይሆናል፣ ነጥብ ከሆነ ደግሞ ወደ ማርክ ሊስቱ መንገዱን ያገኛል።

ቀይ እስክሪብቶ አታምጡ። ራይትና ኤክስ አታድርጉ። ወረቀቶቹን ቀላቅላችሁ ተካፈሉ፤ ማንም የራሱን ክፍል ብቻ አይያዝ። ከዚያ በአምስት ክምር ለዩ፦

ክምር 1፦ 0.45፣ ምክንያቱ ልክ
ክምር 2፦ 0.45፣ ምክንያቱ የለም ወይም አይሆንም
ክምር 3፦ 0.275
ክምር 4፦ 0.3
ክምር 5፦ ባዶ ወይም የማይነበብ

ክምር 4 ላይ ጠንቀቅ በሉ። «አሥረኛ ከሺኛ ስለሚበልጥ» የሚል ምክንያት ታገኛላችሁ፤ ዓረፍተ ነገሩ ለብቻው ሲነበብ እውነት ነው። ተማሪው የሳተው ስንት አሥረኛና ስንት መቶኛ እንዳለ መቁጠሩ ላይ ነው። ይህን ተማሪ «አልገባውም» ብሎ ማለፍ ያሳዝናል፤ ግማሽ መንገድ ሄዷል።

ክምሮቹን በየክፍሉ ቁጠሩና መቁጠሪያ ገጹ ላይ አስፍሩ። ስታነቡት ይህን አትርሱ፦ ሦስት ምርጫ ባለው ጥያቄ 60 ተማሪ ሁሉ በግምት ቢመልስ 20 ያህሉ ትክክል ይሆናል። 25 ሰው ትክክል መለሰ ማለት ብዙም ማለት አይደለም። የምትተማመኑበት ክምር 1ን ነው።

ደረጃ 5፦ ወስኑ

የሚከተለው የሥራ ልምድ የሚሰጠው ልኬት ነው፤ እንደ ሕግ አትያዙት።

- ክምር 1 ከክፍሉ ሦስት አራተኛ በላይ ከሆነ ቀጥሉ። የቀሩትን ተማሪዎች ተራ ቁጥር ይዛችሁ መልመጃ በሚሠራበት ሰዓት አጠገባቸው ቁሙ።
- ከግማሽ እስከ ሦስት አራተኛ ከሆነ የገባውና ያልገባው ተጣምረው ይወያዩ፤ ከዚያ ዳግም ይመልሱ።
- ከግማሽ በታች ከሆነ እንደገና አስተምሩ፤ በሌላ መንገድ። ያንኑ ማብራሪያ ጮክ ብሎና ቀስ ብሎ መድገም ያንኑ ውጤት ያመጣል።

እስከ ረቡዕ ያለውን የማክሰኞ ክፍለ ጊዜ አስርዮሽ በማይፈልግ መልመጃ ሙሉት። ያልተስተካከለ ነጥብ ላይ ሌላ አትደርቡ።

ደረጃ 6፦ የተስተካከለውን ትምህርት አስተምሩ፣ ተመልከቱ

የአርባ ደቂቃው አከፋፈል በምሳሌያችን፦

5 ደቂቃ፦ ጥያቄው እንደገና ሰሌዳ ላይ፤ ሁሉም በጣት ለብቻው ይምረጥ። መልሱን አትንገሩ።
6 ደቂቃ፦ የተለያየ መልስ ያላቸው ሁለት ሁለት ሆነው ይከራከሩ። የ1 ለ 5 ቡድን (አንድ ተማሪ ሌሎቹን የሚመራበት) ከተጠቀማችሁ መጀመሪያ እያንዳንዱ መልሱን ደብተሩ ላይ ይጻፍ፤ አለበለዚያ መሪው ይናገራል፣ ሌሎቹ ይገለብጣሉ።
12 ደቂቃ፦ ሰሌዳው ላይ 1 ሜትር መስመር አስምሩ። 0.3 ሜትር (30 ሳንቲ ሜትር)፣ 0.45 ሜትር (45 ሳንቲ ሜትር)፣ 0.275 ሜትር (27 ሳንቲ ሜትር ከ5 ሚሊ ሜትር) የት እንደሚውሉ ተማሪ ይለካ፣ በጠመኔ ምልክት ያድርግ።
12 ደቂቃ፦ መልመጃ በደብተር።
5 ደቂቃ፦ ሐሳቡን የቀየረ አንድ ተማሪ ለምን እንደቀየረ ያስረዳ።

ሦስት ማስጠንቀቂያ፦

ዜሮ መጨመር። 0.300፣ 0.450፣ 0.275 አድርጎ ማወዳደር ትክክለኛ ዘዴ ነው፤ ከሜትሩ በፊት ከመጣ ግን ስህተቱን ይሸፍናል። «275 ከ45 ይበልጣል» ያለው ልጅ አሁን 450ን ከ275 ያወዳድራል፤ መልሱ ይስተካከላል፣ አስርዮሽን እንደ ሙሉ ቁጥር ማየቱ ግን እንዳለ ነው።

ብርና ሳንቲም። 0.45 ብር 45 ሳንቲም ነው ማለት ይቀላል። ችግሩ ሳንቲም ሁለት አኃዝ ላይ ማለቁ ነው፤ 0.275 ሲመጣ ምሳሌው ይሰበራል። ሜትሩ እስከ ሚሊ ሜትር ይወስዳችኋል።

አነባበብ። 0.275ን «ዜሮ ነጥብ ሁለት መቶ ሰባ አምስት» ብሎ የሚያነብ መምህር ክምር 3ን ራሱ እያሳደገው ነው። «ዜሮ ነጥብ ሁለት ሰባት አምስት» በሉ። ቡድኑ ሁሉ በዚህ ይስማማ፤ ተማሪው በሚቀጥለው ዓመት ከባልደረባችሁ እጅ ነው የሚገባው።

ተመልካቾቹ

ሁለት ወይም ሦስት ባልደረባ ይግቡ። ከኋላ ግድግዳ ሥር አይቀመጡ፤ ከዚያ የሚታየው የመምህሩ ፊትና የተማሪ ጀርባ ነው። እያንዳንዱ ከክምር 3 ወይም 4 የተመረጡ ሦስት ተማሪዎች አጠገብ ይቀመጥ፤ የሚጽፉትንና የሚሰርዙትን፣ እርስ በርስ የሚሉትንም ይመዝግብ። ልጁ ሲሳሳት አይርዳ። ይህ መምህር ለሆነ ሰው ከባድ ነው፤ እጃችሁን ሰብስቡ።

ውይይቱ

ያስተማረው መምህር መጀመሪያ ይናገር፤ ተማሪው የት እንደገባው፣ የት እንደጠፋበት። ከዚያ ተመልካቾቹ ደብተር ላይ ያዩትን ብቻ ይናገሩ፦ «ተራ ቁጥር 14 ሜትሩ ላይ ሲለካ ልክ ነበር፤ መልመጃ 3 ላይ ወደ ድሮው ተመለሰ።» «ጥሩ አቀራረብ ነበር» እና «ሰሌዳ አጠቃቀም ይሻሻል» የሚሉ አስተያየቶች አይያዙ። ይህ ሕግ ሌላም ጥቅም አለው፤ ከሁለት ዓመት በፊት የተቀጠረ መምህር ጋሼ የሚለውን አንጋፋ ባልደረባ መተቸት አይደፍርም፣ ልጁ የጻፈውን ማንበብ ግን ይችላል።

ደረጃ 7፦ ዳግም ጠይቁና መዝግቡ

ሰኞ፣ ሳታስጠነቅቁ፣ በሌላ ቁጥር። ያንኑ ጥያቄ ከደገማችሁ የምትፈትኑት ትውስታን ነው። በመጀመሪያው ጥያቄ ሁለት አኃዝ ያለው ቁጥር ትልቁ ስለነበር «ሁለት አኃዝ ያለውን ምረጥ» የሚል አዲስ ስህተት የያዘ ተማሪ ይኖራል። ስለዚህ በጥንድ ጠይቁ፦

1) ከ0.7 እና ከ0.64 የትኛው ይበልጣል?
2) ከ0.2 እና ከ0.58 የትኛው ይበልጣል?

አኃዝ የሚያበዛውን የሚመርጥ የመጀመሪያውን ይስታል፤ አኃዝ የሚያንሰውን የሚመርጥ ሁለተኛውን። ሁለቱንም ያገኘውን ብቻ ቁጠሩ። በግምት ሁለቱንም የሚያገኝ ከአራት አንድ ነው።

መዝገቡ ከአንድ ገጽ አይለፍ፦ ነጥቡ፣ ጥያቄው፣ የክምሮቹ ቁጥር በፊትና በኋላ፣ የተቀየረው ነገር፣ ያልተቀየሩት ተማሪዎች ተራ ቁጥር። ከየክምሩ አንድ አንድ ወረቀት አያይዙ። ጥያቄዎቹን በዲፓርትመንቱ አንድ ፋይል ውስጥ አስቀምጡ፤ በሚቀጥለው ዓመት 45ቱ ደቂቃ ወደ 10 ይወርዳል።

ሲበላሽ

ሁሉም ትክክል መለሱ። ወይ ጥያቄው በትምህርቱ ዕለት ተሰጥቷል፣ ወይ ተገልብጧል፣ ወይ ደረጃ 2 ሐ ተዘሏል። በጥንድ ጥያቄው ፈትሹ። አሁንም ትክክል ከሆኑ በእርግጥ ገብቷቸዋል፤ ሌላ ነጥብ ምረጡ።

«ለምን» የሚለው መስመር ባዶ ሆነ። ልጆቹ ምክንያት መጻፍ አልለመዱም። ከየክምሩ 3 ተማሪ ጠርታችሁ በቃል ጠይቁ። «እንዴት እንዳሰብክ ንገረኝ» በሉ፤ «ለምን ተሳሳትክ» ካላችሁ ዝም ይላል።

የአንዱ ክፍል ውጤት ከሌሎቹ በጣም ወረደ። ስለ መምህሩ አትነጋገሩ። ውጤቱ ከፍ ያለበትን መምህር ምን ምሳሌ እንደተጠቀመ፣ በየትኛው ቅደም ተከተል እንደሰጠ ጠይቁና ደብተር አምጥታችሁ አነጻጽሩ። ብዙ ጊዜ ልዩነቱ ከአንድ ምሳሌ ይመጣል።

«ፖርሽን አላለቀም፣ ጊዜ የለኝም» የሚል አባል አለ። ትክክለኛ ጭንቀት ነው። ዙሩ በወር አንድ ይሁን፣ ቀጣዩ ምዕራፍ የሚቆምበት ነጥብ ላይ ብቻ። ክፍልፋይ ሳይገባው አስርዮሽ የጀመረ ክፍል የሚበላው ክፍለ ጊዜ ከአንድ የማስተካከያ ትምህርት ይበልጣል።

ወላጅ ወረቀቱ ለምን እንዳልታረመ ጠየቀ። ሁለቱን ወረቀት፣ የመጀመሪያውንና የጥንዱን ጥያቄ፣ ጎን ለጎን አሳዩት።

ሱፐርቫይዘሩ ወይም ርዕሰ መምህሩ የውጤት ዝርዝር ጠየቁ። አንዱን ገጽ ስጡ። ቁጥሩ በክፍል እንጂ በተማሪ አይሁን። በተማሪ ስም ከጠየቁ ቃለ ጉባኤውን አውጡ፤ የተፈረመውም ለዚህ ነው።

የስብሰባው ሰዓት በሌላ ጉዳይ ተበላ። መዋጮ፣ ስፖርት ውድድር፣ የፈተና ፕሮግራም ይገባበታል። ወረቀቱን መደርደር ግን አይተላለፍም። ሁለት ሰው ብቻ ብትቀሩም ቆማችሁ ደርድሩ፣ ቁጥሩን በስልክ ለቀሩት ላኩ፤ ውሳኔውን በማግሥቱ ከሰልፍ በኋላ በ10 ደቂቃ ጨርሱት።